የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በደከመ ጊዜ ምን ዓይነት ምትክ እንምረጥ?

የቤት አስተዳደር ዓምድ



አባቶቻችንና እናቶቻችን የቤታቸውን ታላላቅ ነገሮች በሣጥን ያኖሩ ነበር። የመሬት ውል፥ የጋብቻ ፊርማ፥ የክርስትና ስም የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት፥ ከሩቅ አገር የተላከ ደብዳቤ፥ እነዚህ ሁሉ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው በሣጥኑ ውስጥ ይቀመጡ ነበር፤ ቁልፉም ከቤቲቱ እመቤት መቀነት አይለይም ነበር። ሣጥኑ ምስጥ እንዳይበላው ከመሬት ከፍ ይደረጋል፤ ክረምት ሲወጣም ወረቀቱ ፀሐይ እንዲያገኘው ተከፍቶ ይታያል። ይህ ልማድ ከድኻም ከባለጸጋም ቤት የማይጠፋ መልካም ልማድ ነበር።

ዛሬ ግን የሣጥኑ ቦታ ተለውጧል። በጅማ ከተማም ሆነ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት፥ በየቡና በሰቃ በሚገኙ ብዙ ቤቶች የቤተ ሰቡ መዝገብ የሚኖረው በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። የሠርጉ ፎቶግራፍ፥ ያረፈው አባት በሕይወት ሳለ የመከረበት የድምፅ ቅጂ፥ በዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ፥ የሰንበት ትምህርት ቤቱ የአባላት ዝርዝር፥ የዕድሩ የገንዘብ መዝገብ፥ በመኸር ጊዜ ከገበሬው የተረከቡት የእሸት ቡና ኪሎና ሒሳብ፥ ይህ ሁሉ የእጅ መዳፍ በምታህል አንዲት ዕቃ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የዚህች ዕቃ ስም ሃርድ ዲስክ ይባላል። እርስዋ የታመመች ዕለት የቤቱ ሣጥን ተቃጠለ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን ሃርድ ዲስክ ሲደክም የሚታይበትን ምልክት፥ ምትኩም እንዴት እንደሚመረጥ በዝርዝር እንነጋገራለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ይገባል። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ በአሜሪካ አገር አይ ቢ ኤም በተባለው ኩባንያ እጅ እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። ያ መሣሪያ የቁም ሣጥን ያህል ሲሆን ስፋታቸው 24 ኢንች የሆነ 50 ክብ ሰሌዳዎች ነበሩት፤ ይህን ሁሉ አክሎም ሊይዝ የሚችለው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ በላፕቶፕ ውስጥ የሚገኘው ሃርድ ዲስክ ስፋቱ 2.5 ኢንች ነው፤ አሠራሩ ግን የዚያው የቀድሞው ዘር ነው። በውስጡ መስታወት የሚመስል ክብ ሰሌዳ ይሽከረከራል፤ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ፥ ማለት በሴኮንድ 90 ጊዜ ይዞራል። የሚያነበውና የሚጽፈው ራስ በሰሌዳው ላይ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ በአየር ተንሳፍፎ ይሄዳል፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እንግዲህ ይህን የመሰለ ጥንቁቅ መሣሪያ በሞተር ሳይክል ተጭኖ በኮረኮንች መንገድ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ሲመላለስ፥ በሥራ ላይ ሳለም ከጠረጴዛ ሲወድቅ፥ ራሱ ሰሌዳውን ቢጭረው ምን ያስደንቃል?

የመድከሙ ምልክቶች ጥቂት ናቸው። ላፕቶፑ ሲከፈት ከቀድሞው ይልቅ እጅግ ይዘገያል፤ ፋይል ሲገለጥ ይቆማል፤ ከውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ቀድሞ ይከፈት የነበረ ፎቶግራፍ ግማሹ ብቻ ይታያል፤ አልፎ አልፎም ላፕቶፑ ዲስኩን ጭራሽ አላገኘሁትም ይላል። ነገር ግን መዘግየት ሁሉ የዲስክ ሕመም አይደለም። ዲስኩ ሞልቶ፥ የራሙ መጠን አንሶ፥ ቫይረስ ገብቶ፥ ወይም ኬብሉ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት መመርመር ይገባል። ሃርድ ዲስክ የራሱን ጤንነት የሚመዘግብበት ስማርት የሚባል መዝገብ አለው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን መዝገብ አውጥቶ ያሳያል፤ ሰማያዊ ቀለም ደኅና መሆኑን፥ ቢጫ መጠንቀቅ እንደሚገባ፥ ቀይ ደግሞ መበላሸቱን ያመለክታል። በተለይ ተበላሽተው በሌላ የተተኩትና ለመነበብ እንቢ ብለው ተራ የሚጠብቁት ቦታዎች ቁጥር ከዕለት ወደ ዕለት የሚጨምር የሆነ እንደ ሆነ፥ ዲስኩ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው ብሎ መቁረጥ ይሻላል።

ሕመሙ ከታወቀ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ አዲስ ዲስክ መግዛት አይደለም፤ ያለውን ማትረፍ ነው። ቤት ሲቃጠል አስቀድሞ ሕፃን እንጂ ምጣድ እንደማይወጣ ሁሉ፥ ከዲስኩም አስቀድሞ መውጣት ያለበት ሌላ ቅጂ የሌለው ነገር ነው። ፊልምና ፕሮግራም እንደ ገና ይገኛል፤ የሟች ድምፅ ግን እንደ ገና አይገኝም። ስለዚህ በመጀመሪያ የቤተ ሰቡ ፎቶግራፍና ድምፅ፥ ቀጥሎ የትምህርትና የሥራ ጽሑፍ፥ ከዚያም የማኅበርና የዕድር መዝገብ ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ወደ ፍላሽ ይገልበጥ። ዲስኩ ደክሞ ሳለ ጥገና ይደረግልህ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሠራ ማስገደድ ሕመሙን ማባባስ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል የሆነ እንደ ሆነና በውስጡ ያለው ነገር ዋጋው የማይተመን ከሆነ፥ ወዲያው አጥፍቶ ለሚያውቅ ባለሙያ መስጠት ይሻላል። እንዲህ ያለው ባለሙያ ዲዲሬስኪው በተባለው ፕሮግራም ደኅና የሆነውን ክፍል አስቀድሞ እየገለበጠ፥ የታመመውን ክፍል ለመጨረሻ ያቆየዋል። አንዳንድ ሰዎች ዲስኩን በፍሪጅ በረዶ ውስጥ አስቀምጡት ሲሉ ይሰማል፤ ይህ እርጥበት የሚያስገባ ክፉ ምክር ስለ ሆነ አይደረግ። ክዳኑንም በካቻቢቴ ፈትቶ ውስጡን ማየት፥ አንዲት ቅንጣት ትቢያ ገብታ ሰሌዳውን እንድታጠፋው መፍቀድ ነው።

በዚህ ላይ በእኛ አገር የሚያጋጥም አንድ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ መመዘኛ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ደብዳቤና መዝገብ የሚጻፈው ለየብቻቸው በተሠሩ የፊደል ቅርጾች ነበር። የእነዚህ ጽሑፎች ፋይል ብቻ ተገልብጦ ፊደሉ ከአሮጌው ላፕቶፕ ጋር ቢቀር፥ በአዲሱ ዲስክ ላይ ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ድብልቅ ነው። የሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤና የድሮ የማኅበር መዝገብ ያለበት ቤት ይህን በብርቱ ይጠንቀቅ። ጽሑፉ ከተገለበጠ በኋላ ፊደሎቹ የሚገኙበት ክፍል አብሮ ይገልበጥ፤ ከተቻለም ዋና ዋናው ጽሑፍ ገና ሲነበብ ሳለ በፒ ዲ ኤፍ መልክ ይቀመጥ።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንግባ። ቡና አምራቹ አንባቢያችን ስለ ምትክ ምርጫ ከማንም በላይ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን በተገለጠ ጊዜ፥ የተጎዳውን ቡና ለመተካት ፍሬው ያማረ ሁሉ አልተወሰደም። በጫካ ውስጥ በሽታውን የተቋቋሙት እናት ዛፎች ተፈልገው፥ ተፈትነው ነው የተመረጡት። ዛሬ 74110 እና 74112 እየተባሉ በጅማ ዙሪያ የሚታወቁት ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. ከኢሉባቦር ጫካ የተመረጡ ናቸው፤ በቁጥራቸው መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታል። የዲስክ ምትክም እንዲሁ በመልክና በዋጋ ብቻ ሳይሆን፥ የሚገባበትን ቦታና የሚውልበትን ሥራ በመመርመር ሊመረጥ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፥ ላፕቶፑ የሚቀበለው ምን ዓይነት ዲስክ ነው? የሚል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ሳታ በሚባለው መጋጠሚያ የሚገባ 2.5 ኢንች ዲስክ ይቀበላሉ። በዚህ ጊዜ ውፍረቱን መለካት ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ 9.5 ሚሊሜትር፥ አንዳንዱ 7 ሚሊሜትር ነው። ቀጭኑ በሰፊው ቦታ ትንሽ መደገፊያ ተደርጎለት ይገባል፤ ወፍራሙ ግን በጠባቡ ቦታ ፈጽሞ አይገባም። ላፕቶፑ አሮጌ ሆኖ የሳታው መጋጠሚያ የቀድሞው ዓይነት ቢሆንም ቅሉ አዲሱ የሳታ ዲስክ ይሠራለታል፤ ፍጥነቱ ብቻ በላፕቶፑ አቅም ይወሰናል።

በኋላ ዘመን የተሠሩት ደግሞ ማስቲካ የሚመስል ረዥምና ጠባብ ዲስክ ይቀበላሉ፤ ስሙ ኤም.2 ይባላል። በላዩ 2280 የሚል ቁጥር ቢገኝ ወርዱ 22፥ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። አጫጭሮችም ስላሉ የራስን ሳይለኩ መግዛት አይገባም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ይኸውም ኤም.2 የቅርጽ ስም እንጂ የአሠራር ስም አለመሆኑ ነው። በአንድ ቅርጽ ሁለት ዓይነት ይገኛል፤ አንዱ በሳታ የሚሠራ፥ ሁለተኛው ኤን ቪ ኤም ኢ የሚባለው እጅግ ፈጣኑ ነው። ሳታ ብቻ በሚቀበል ቦታ ኤን ቪ ኤም ኢ ቢገባ አይሠራም፤ የዚህም ተቃራኒ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ጥቂት ርካሽ ላፕቶፖች ደግሞ ማኅደራቸው በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለ ሆነ ጭራሽ አይለወጥም። ስለዚህ ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ከጀርባው ላይ በወረቀት መጻፍ፥ ከተቻለም አሮጌውን ዲስክ አውጥቶ ይዞ መሄድ ከብዙ ምልልስ ያድናል። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት ተነሥቶ ጅማ ድረስ ለሚመጣ ሰው የአንድ ቀን መንገድ ወጪ ቀላል አይደለምና።

ሁለተኛው ጥያቄ፥ የሚሽከረከረው ይሻላል ወይስ የማይንቀሳቀሰው? የሚል ነው። የማይንቀሳቀሰው ዲስክ ኤስ ኤስ ዲ ይባላል። በውስጡ የሚዞር ሰሌዳ የለም፤ በፍላሽ ውስጥ እንዳለው ባለ የማኅደር ቅንጣት ላይ ይጽፋል። ይህን የማኅደር ዓይነት የፈለሰፉት ፉጂዮ ማሱኦካ የተባሉ ጃፓናዊ መሐንዲስ በቶሺባ ኩባንያ ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ሰሌዳ የሚያሽከረክረው ዲስክ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ያህል ሲያነብ፥ የሳታው ኤስ ኤስ ዲ እስከ 550 ድረስ፥ ኤን ቪ ኤም ኢ የሆነው ደግሞ ከ3,000 በላይ ያነባል። ነገር ግን ለዕለት ሥራ ትልቁ ጥቅም ይህ ቁጥር አይደለም፤ ብዙ ጥቃቅን ፋይሎችን ከየቦታው በፍጥነት ማሰባሰቡ ነው። ስለዚህ ለመነሣት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ የነበረ አሮጌ ላፕቶፕ፥ ኤስ ኤስ ዲ ሲገባለት እንደ ገና የተወለደ ያህል ይሆናል። ጽሑፍ ለመጻፍና ሒሳብ ለመያዝ ከሳታው ወደ ኤን ቪ ኤም ኢ ማለፍ የሚሰጠው ልዩነት ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ስለ ሆነ፥ ሳታ ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ያለው ሰው አይዘን።

በጅማና በዙሪያዋ ላሉ ቤተ ሰቦች ኤስ ኤስ ዲ የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የቡና መልቀሚያ ወራት ላፕቶፑ ከቤት ወደ ማጠቢያ ጣቢያ፥ ከጣቢያ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በባጃጅና በሞተር ሳይክል ይመላለሳል። መንቀጥቀጥ የሚሽከረከረውን ዲስክ ይጎዳል፤ ኤስ ኤስ ዲን ግን ይህን ያህል አያስጨንቀውም። ኤሌክትሪክም ይቆጥባል፤ በመሆኑም ባትሪው ትንሽ ይረዝማል። እንግዲህ በላፕቶፑ ውስጥ ለሚገባው ዲስክ ምክራችን ኤስ ኤስ ዲ ነው።

ይሁን እንጂ እንከን የለሽ ዕቃ የለም። የሚሽከረከረው ዲስክ ብዙ ጊዜ በድምፅና በመዘግየት አስጠንቅቆ ይሞታል፤ ኤስ ኤስ ዲ ግን ትላንት ሲሠራ ውሎ ዛሬ ድንገት ላይነሣ ይችላል። በስሕተት የተደመሰሰንም ፋይል ከኤስ ኤስ ዲ መልሶ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ደግሞም ያለ ኤሌክትሪክ ለብዙ ዓመታት በሣጥን ተዘግቶ ለሚቀመጥ መዝገብ አይመችም። ዓለም አቀፉ መመዘኛ፥ የመጻፊያ ዕድሜውን የጨረሰ የግል ኮምፒዩተር ኤስ ኤስ ዲ በ30 ዲግሪ ሙቀት ያለ ኃይል ተቀምጦ ጽሑፉን ለ1 ዓመት እንዲይዝ ብቻ ይጠይቃል። አዲሱ ከዚህ ይበልጥ ይቆያል፤ ቢሆንም ለማኅደር የሚቀመጠው ቅጂ በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ስለ መጻፊያው ዕድሜ ግን ብዙ መፍራት አያስፈልግም። በሣጥኑ ላይ 150 ቴራባይት እንዲጻፍበት ዋስትና የተሰጠው ዲስክ፥ በየቀኑ 20 ጊጋባይት ቢጻፍበት እንኳ በዓመት የሚጻፍበት 7.3 ቴራባይት ስለ ሆነ ቁጥሩን ለመሙላት ከ20 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ የመጠኑ ነገር ነው። ግንብ ሊሠራ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንዲያሰላ በወንጌል ተምረናል። ስለዚህ አሁን ያለው ዲስክ ምን ያህሉ እንደ ተያዘ ይታይ። አንድ ፎቶግራፍ 4 ሜጋባይት ቢሆን 1,000 ፎቶግራፍ 4 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። በተለመደው የኤም ፒ 3 ጥራት፥ ማለት በ128 ኪሎቢት፥ የተቀዳ የ1 ሰዓት ስብከት ወይም መዝሙር 58 ሜጋባይት ያህል ነው። ብዙ ቦታ የሚፈጀው ቪዲዮ ነው። የተያዘው 100 ጊጋባይት የሆነ ቤት 256 ይበቃዋል፤ 180 ወይም 200 የደረሰ ግን 500 ገደማ ቢገዛ ይሻለዋል፤ ኤስ ኤስ ዲ እስከ አፉ ሲሞላ ሥራው ስለሚከብደው ከአምስት አንዱን እጅ ባዶ መተው መልካም ነውና። 500 ጊጋባይት ተብሎ የተገዛው በዊንዶውስ ሲታይ 465 ቢል ሻጩ ሰረቀኝ አይባል፤ ሠሪው በ1,000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥር የመጣ ልዩነት ነው። በዚሁ ምክንያት 1 ቴራባይት የተባለው 931 ጊጋባይት ሆኖ ይታያል።

አራተኛው ነገር የገበያው ጥንቃቄ ነው። በጥንት ዘመን የጅማ ነጋዴ በታወቀው በሂርማታ የሐሙስ ገበያ ቡና ሲገዛ ከጆንያው አፍ ብቻ አይቶ አይገዛም ነበር፤ እጁን ወደ ውስጥ ሰድዶ ያወጣል፥ ያሸታል፥ በጥርሱም ይሞክራል። ዲስክ የሚገዛም ሰው እንዲሁ ያድርግ። ዋጋው ከሌላው ሁሉ እጅግ ረክሶ 2 ቴራባይት ነኝ የሚል የማይታወቅ ዲስክ ቢገኝ፥ ውስጡ ትንሽ ሆኖ ቁጥሩ ብቻ በሐሰት የተጻፈበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ዲስክ የተሰጠውን ሁሉ የተቀበለ መስሎ ይታያል፤ ሲሞላ ግን የቀደመውን እያጠፋ ይጽፋል፥ ባለቤቱም የሚያውቀው ፋይሉን ሲፈልግ ነው። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ መጨረሻው ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ይገልጣል። ይህ ምርመራ ብዙ ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል፥ ከሻጩ ጋር ሲዋዋሉ መመለሻ ጥቂት ቀን መቀበልና ደረሰኝ መያዝ ይገባል።

ያገለገለ ዲስክ መግዛት ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ስንት ሰዓት እንደ ሠራ በስማርት መዝገቡ ይታይ። አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ የሠራ ዲስክ 8,760 ሰዓት ይቆጥራል። ስለዚህ 30,000 ሰዓት የሚል ዲስክ ከ3 ዓመት በላይ ሌት ተቀን የሠራ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ይከበራል እንጂ አዲስ ሸክም አይጫንበትም። የተበላሸ ቦታ ቁጥሩ ከዜሮ ያለፈውን ግን በማናቸውም ዋጋ መግዛት አይገባም።

አምስተኛው ነገር የመብራቱ ጉዳይ ነው። መብራት በድንገት ሲሄድና በኃይል ሲመለስ ዲስክን ይጎዳል፤ በመጻፍ ላይ ሳለ የተቋረጠበት ዲስክ ፋይሉን ያበላሻል። ለላፕቶፕ የተሰጠው ጠባቂ የገዛ ባትሪው ነው። ስለዚህ ባትሪው ሞቶ ሁልጊዜ ከሶኬት ጋር ታስሮ የሚሠራ ላፕቶፕ ያለው ቤት፥ ለትልቅ ዲስክ የሚያወጣውን ገንዘብ ቀንሶ መካከለኛ ዲስክና አዲስ ባትሪ ቢገዛ ጥበብ ነው። በክረምቱም ጊዜ የጅማ አየር እርጥበቱ የበዛ ስለ ሆነ፥ ላፕቶፑንና የሚቀመጠውን ዲስክ ከግድግዳ እርጥበትና ከእሳት ዳር ማራቅ ይገባል። ቡና የሚሰጣበትና የሚበጠርበት ስፍራም ገለፈቱና ትቢያው ማራገቢያውን ስለሚደፍነው፥ ለላፕቶፕ የሚመች ቦታ አይደለም።

ዲስኩ ተገዝቶ ሲገባ ሦስት ነገሮች ይታወሱ። አንደኛ፥ ላፕቶፑ ፈጽሞ ጠፍቶ፥ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፥ ባትሪውም የሚለይ ከሆነ ተለይቶ ይሠራ። ሁለተኛ፥ ብሎኖቹ ርዝመታቸው የተለያየ ሊሆን ስለሚችል በወጡበት ቅደም ተከተል በወረቀት ላይ ይደርደሩ፤ ረዥሙ በአጭሩ ቦታ ቢገባ ውስጡን ሊወጋ ይችላልና። ሦስተኛ፥ ዊንዶውስ ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ ቆልፎት እንደ ሆነ የመክፈቻው ረዥም ቁጥር አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ፤ ይህ ቁጥር የጠፋበት ሰው የገዛ ቤቱ በር ተዘግቶበት በውጭ ይቆማል። አሮጌው ዲስክ ደኅና ከሆነ እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ ይቻላል፤ የታመመ ከሆነ ግን ዊንዶውስን በአዲሱ ላይ እንደ ገና ጭኖ የዳነውን ፋይል ብቻ መመለስ ይሻላል።

አሮጌውንም ዲስክ እንዲሁ መጣል ወይም መሸጥ አይገባም። በውስጡ የዕድርተኛው ስልክ፥ የባንክ ወረቀት፥ የሴት ልጅ ፎቶግራፍ፥ ምናልባትም ለካህን ብቻ የተጻፈ የሰው ምስጢር ይኖራል። ዴሊት ማለት ማጥፋት አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው መልሶ ያወጣዋል። የሚሠራ ከሆነ ሙሉ በሙሉ በላዩ ተጽፎበት ይጥፋ፤ የማይሠራ ከሆነም ሰሌዳው በመዶሻ ይሰበር። የሰውን አማና መጠበቅ ከክርስቲያን የሚጠበቅ ግዴታ ነው፤ ለጥገና ላፕቶፕ የምትቀበሉ ወጣቶችም የሰው ሣጥን በእጃችሁ እንደ ገባ አስቡ፥ ለሥራው የማያስፈልገውን ፋይል አትክፈቱ።

በመጨረሻ ከምርጫው ሁሉ የሚበልጠውን ነገር እንናገር። የቱንም ያህል መልካም ዲስክ ቢመረጥ አንድ ቀን ይሞታል። ስለዚህ ቅጂ ያስፈልጋል። የቡና ዘር እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ ደርቆ በጎተራ ለብዙ ዘመን ስለማይቆይ፥ በጎማ ወረዳ በጮጬ የቡና ዝርያዎች በሕይወት እንዳሉ በዛፍነታቸው ተተክለው ይጠበቃሉ። መጠበቅ ማለት አንድ ጊዜ አስቀምጦ መርሳት ሳይሆን፥ ዘወትር መኰትኰትና መተካት መሆኑን ይህ ስፍራ ያስተምረናል። ቤተ ክርስቲያናችንም መጻሕፍቷን ለዘመናት ያቆየችው በጸሐፍት ድካም ነው። አንዱ ብራና ሲያረጅ ሌላ ይገለበጥ ነበር፤ መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉ ሆነው በግእዝ ብቻ ለዓለም የደረሱትም በዚሁ ትጋት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የየገዳማቱ መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ፥ ከ9,000 በላይ ብራናዎች ምስላቸው በአገር ውስጥና በአሜሪካ ሚኔሶታ በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ተደርጓል፤ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ብዙ ደክመዋል። ምስሉ በሁለት አገር መቀመጡ፥ በአንዱ ስፍራ ክፉ ቢደርስ በሌላው እንዲተርፍ ነው።

የቤተ ሰብ መዝገብም እንዲሁ ይሁን። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ በላፕቶፑ ውስጥ፥ ሁለተኛው በቤት ውስጥ ባለ የውጭ ዲስክ ላይ፥ ሦስተኛው ከቤት ውጭ፥ ለምሳሌ አዲስ አበባ በሚኖር የታመነ ዘመድ ዘንድ ወይም በኢንተርኔት ማኅደር። በቤት ያለው የውጭ ዲስክ ከመገልበጫው ሰዓት በቀር ከላፕቶፑ ጋር ተያይዞ አይቆይ፤ ቫይረስም መብረቅም ሁለቱን በአንድነት እንዳያጠፋቸው። በየወሩ መጨረሻ አዲሱ ይገልበጥ፤ በጳጉሜን ደግሞ የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ፥ ቅጂው እውነት ይከፈት እንደ ሆነ ጥቂት ፎቶግራፍና ጥቂት ጽሑፍ ከፍቶ መሞከር ይገባል። ያልተሞከረ ቅጂ ዘይት እንዳለበት ያልታየ መቅረዝ ነው፤ ሙሽራው በመጣበት ሰዓት አላስተማመነምና። ይህንም ሥራ ከቤተ ሰቡ አንዱ፥ በተለይም ከልጆች መካከል ታላቂቱ ወይም ታላቁ፥ በኀላፊነት ቢይዘው መልካም ልምምድ ይሆነዋል።

ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ ቢሆን ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በመጀመሪያ ርካሽም ቢሆን እውነተኛ የሆነ የቅጂ ዲስክ፤ ቀጥሎ ለላፕቶፑ መካከለኛ መጠን ያለው ኤስ ኤስ ዲ፤ ከዚያም ባትሪ። ፍጥነት ለነገ ይቆያል፤ መዝገቡ ግን ለነገ አይቆይም። የአባት ምክር፥ የልጅ የድካም ፍሬ፥ የጎረቤት አደራ በእጃችን ሳለ በትጋት እንጠብቀው። የቤታችሁን በረከት የሰጠ አምላክ መታሰቢያውንም ለልጅ ልጅ እንዲያቆይላችሁ እንመኛለን።